ለአንድ የዕረፍት ቀን ድንኳን የት ይተከል? ጓሳ፣ ወፍ ዋሻና የደብረ ሊባኖስ አፋፍ ሲነጻጸሩ

ሰሜን ሸዋ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ማደር የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ቦታ ነው የሚያምረው?» ብሎ ነው። በዚህ ጥያቄ ግን መምረጥ አይቻልም። ጓሳም ያምራል፣ አንኮበርም ያምራል፣ የደብረ ሊባኖስም ገደል ያምራል። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቦታ ነው ሥራ የማያበዛብኝ?» ተብሎ ነው። ውኃ ሲቀዳ፣ ጭራሮ ሲለቀም፣ ነፋስ የነቀለው ካስማ ሲመታ የሚመሽ ቀን ዕረፍት አይባልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ቦታዎቹን የማወዳድረው ወንበር ዘርግቶ ለተቀመጠ ሰው ምን ያህል ይመቻሉ በሚለው ነው። ተራራ ለመውጣትና ብዙ ቦታ ለማዳረስ የሚሄድ ሰው ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል።

ከቦታው በፊት የሌሊቱ ቁጥር ይወሰን። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እሑድ የሚመለስ ሰው የዕረፍት ቀን የለውም። ቅዳሜ መንገድና ድንኳን ተከላ ነው፤ እሑድ ድንኳን ነቀላና መንገድ ነው። ሙሉ ቀን የሚገኘው ሁለት ሌሊት ሲታደር ብቻ ነው፤ በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ያለው ቀን፣ መኪና የማይነሣበት፣ ዕቃ የማይታሰርበት እርሱ ነው የዕረፍቱ ቀን። አንድ ሌሊት ብቻ ያለው ሰው ምርጫው ይጠባል፤ እርሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መንገዱም አለ። ሰሜን ሸዋ ስንል ሁለት ዞኖች ናቸው፤ ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ያደረገው የአማራ ክልሉና ፍቼን ያደረገው የኦሮሚያው። በሁለቱም በኩል ባለፉት ዓመታት ግጭት ስለነበረ አምና ሰላም የነበረው መንገድ ዘንድሮም ይሆናል ብሎ መነሣት አይገባም። ከመነሻው ዋዜማ፣ ደግሞም በመነሻው ጠዋት፣ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። የሹፌር ወሬ ብቻ አይበቃም፤ የምታድሩበት ቦታ ያለው ጠባቂ ወይም የሎጁ ሠራተኛ የሚለው ይበልጣል። ሰውየው «ኧረ ምንም የለም» ከማለቱ በፊት ትንሽ ካመነታ፣ ያን ሳምንት ቤት ዋሉ። በተረፈ በቀን ተጉዞ በቀን መድረስ ነው፤ እስከ አሥር ሰዓት ድንኳኑ መቆም አለበት።

ጓሳ

መንዝ ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተለይቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ጎዳና ላይ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ጠብቆ ያቆየው ምድር ነው። ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በስምምነት ከፍቶ ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጥቶ የቀድሞው አስተዳደር ሲላላ ሣሩም አብሮ ተጎድቶ ነበር፤ ኋላ ነዋሪው ራሱ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው። ይህን የምናገረው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እዚያ ድንኳን የሚተክል እንግዳ ሰው በጠበቀው ግቢ ውስጥ እንደገባ ይቁጠረው። ክፍያውም ለማኅበረሰቡ ነው፤ ቅር ሳይላችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ጠባቂው አሳይቷችሁ ከተከላችሁበት ቦታ ውጪ አትትከሉ።

ለተቀመጠ ሰው ጓሳን የሚያህል የለም። ምክንያቱ ጭላዳ የሚባለው የደጋ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አፋፉን ተሻግሮ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ እናንተው መቀመጥ ነው። ቂጡን ከመሬት ሳያነሣ እየተንፏቀቀ፣ በሁለቱም እጁ ሣሩን እየነጨ፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ እያደረገ ይውላል። ከቅርብ ሲሰማ የሣሩ መነጨት ራሱ ድምፅ አለው፤ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሲሆን ደግሞ ዝናብ የጀመረ ይመስላል። አልፎ አልፎ አንዱ ወንድ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ጫጫታ ይነሣል፤ ወዲያው ይበርዳል። ይህ ሁሉ ጀበናው ሳይቀዘቅዝ ከወንበር ሳይነሡ የሚታይ ነው። ምግብ ብቻ አትስጡት። ዳቦ የለመደ ጭላዳ በማግስቱ ድንኳን ይበረብራል፣ ከዚያም የገበሬውን ማሳ።

ቀይ ቀበሮም እዚያው ይኖራል። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የሌለ እንስሳ ነው። አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ሌሊት ማምሸት አያስፈልግም፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃል። ለመታየቱ ግን ማንም ዋስ አይሆንም። ከከተማ ውሻ ይዞ መሄድ እዚህ ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋት ነው፤ ቀበሮውን በብዛት የሚጨርሰው ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ነውና።

አሁን ወደ ክፉው እንምጣ። ጓሳ ይበርዳል፤ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው» የሚል ሰው ጓሳን አያውቅም ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሣሩም በውርጭ ነጥቶ ይነጋል። ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ይረጥብና ወደ ውርጭ ይለወጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የድንኳኑን የላይኛውን መተንፈሻ ይበርዳል ብላችሁ አትዝጉት፤ መዝጋት አያሞቅም፣ ያረጥባል እንጂ። ብርዱን የሚያሸንፈው ከሥር የሚነጠፈው ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ በስስ ላስቲክ ላይ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። አንድ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፎ፣ በላዩ የመንዝ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ደርቦ የተኛ ግን ጠዋት መነሣት ያስጠላዋል። ባናውን ከከተማ መሸከም አያስፈልግም፤ የአካባቢው ሰው የሚሠራው ነውና ከባለቤቱ እጅ ተገዝቶ ቤት ይዘውት ይመለሳሉ።

እኩለ ቀን ላይም ጓሳ የራሱ ጉድ አለው። ዛፍ የለውም። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቁመት እንጂ ጥላ አይሰጥም። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይፈጅ ይመስላል፣ ማታ ግን አፍንጫና ጆሮ ተልጦ ይገኛል። ሰፊ ባርኔጣና የጥላ ሸራ ለጓሳ ከምግብ እኩል ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ የጥላው ሸራ እንደ ጀልባ ሸራ ስለሚነፋ ዝቅ አድርጎ ማሰር ይሻላል። ከቆላ የመጣ ወይም ልቡን የሚያመው ሰው ደግሞ በአንድ ቀን 3,300 ሜትር ላይ አይውጣ፤ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አድሮ ቢቀጥል ራስ ምታቱ ይቀንስለታል።

ወፍ ዋሻና አንኮበር

ብርዱን የፈራ፣ ጥላም የሚወድ ወደ ወፍ ዋሻ ይሂድ። ጫካው ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ተዳፋት ላይ ተለጥፎ ያለ ጥንታዊ ደን ነው፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ አሜጃና አስታ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚህ በተወሰደ የጥድ ዘር ነው ይባላል። ግንዱን ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጥድ ሥር ወንበር ማኖር፣ ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል መስማት፣ ለእኔ ከጓሳ ሜዳ ባይበልጥም አያንስም። በእኩለ ቀን ግን በግልጽ ይበልጣል። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ጓሳ ያለ ሰው ጥላ ፍለጋ ሲዞር፣ ወፍ ዋሻ ያለው ተኝቷል።

የዚህ ቦታ ችግር መሬቱ ነው። ተዳፋት ስለሆነ ሜዳ ያለ ቦታ ጥቂት ነው፤ ያዘነበለ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሌሊቱን ወደ ድንኳኑ ጥግ ሲንሸራተት ያድራል። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሞክሩት፤ ደም ወደ ራስ የሚወርድ ከመሰላችሁ አዙሩት። ሁለተኛው ችግር ጉም ነው። ከቆላው እየተግተለተለ ይወጣና ጠዋት የተሰጣውን ልብስ ማታ ከነበረበት ይበልጥ አርጥቦት ይሄዳል። በዝናቡ ወራት፣ በበልጉም ጭምር፣ ወፍ ዋሻን ለድንኳን አልመክርም፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። እንጨቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ጫካ መሐል ስላላችሁ የወደቀ እንጨት የእናንተ አይደለም። ከሰል ከደብረ ብርሃን ይዛችሁ ሂዱ፣ አለዚያ መንደር ውስጥ በገንዘብ ግዙ።

አንኮበር ከተማ አጠገብ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ። ከቤተሰባችሁ አንዱ «እኔ መሬት ላይ አልተኛም» የሚል ከሆነ ክርክሩን እዚህ መጨረስ ይቻላል፤ እርሱ አልጋ ላይ ያድራል፣ የቀራችሁት ቀኑን ጫካ ትውላላችሁ። ወፍ የሚወድ ሰው የአንኮበርን ስም የያዘችውን ትንሽ ወፍ እዚሁ መፈለግ ይችላል። ለሳይንስ የተዋወቀችው ገና በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከጫካው ይልቅ ገደል ዳር ያለ ገላጣ ቦታ ስለምትወድ ለእርሷ ከጥድ ሥር መነሣት ግድ ይላል።

የደብረ ሊባኖስ አፋፍ

በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከገዳሙ መታጠፊያ አጠገብ ያለው አፋፍ ከሦስቱ ሁሉ ቅርቡና ቀላሉ ነው። ሌሊቱ ከጓሳ ጋር ሲተያይ ለዘብ ያለ ነው፣ ገደሉ አፍ ላይ ምግብ ቤትና መኝታ ስላለ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ በባትሪ መዞር የለም። የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ጭላዳም አለ። በግቢያቸው ድንኳን ይፈቅዱ እንደሆነ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ፣ ቀድሞ በስልክ መጠየቅ ነው።

የሚጎድለው ጸጥታ ነው። ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ከነድምፅ ማጉያው ይወርዳል። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ስለሆነ በዓላቸው በሚውልበት በታኅሣሥ 24፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24 አገር ምድሩ ሰው ነው። ለመሳለም የሄደ ይደሰትበታል፤ ለመተኛት የሄደ ግን ቀኑን ይቀይር። በሥራ ቀን፣ በተለይ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ያው አፋፍ ሌላ ቦታ ይመስላል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው አጥር የሌለው ገደል መሆኑን አይርሳ። እኔ ትንንሽ ልጆች ካሉ የዕረፍት ቀን የምለው እዚህ አይደለም፤ እናትና አባት ተራ በተራ ሲጠብቁ ይውላሉና።

ሸዋ ሮቢትን የሚያነሣ አይጠፋም፤ ከ1,300 ሜትር በታች ስለሆነ ብርድ የለም በሚል። ብርድ ባይኖርም ሙቀትና ወባ አለ። አጎበር ያለው መኝታ ክፍል ከተገኘ ይታደር እንጂ በድንኳን አይታደርም።

ድንኳን፣ ሚኒባስ ወይስ ካራቫን?

ውጭ አገር የኖሩ ዘመዶች ሲመጡ ካራቫን፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለው በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ይዘን ብንሄድስ ይላሉ። በእነርሱ አገር የካራቫን ማረፊያ ማለት ኤሌክትሪክ የሚሰካበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ቆሻሻ የሚደፋበት የተዘጋጀ ቦታ ነው፤ ደስታውም ከዚያ የሚመጣ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን አትጠብቁ። ስለዚህ ካራቫኑ አልጋና በር ብቻ ይሆናል። ለዚያ ሲባል ደግሞ በጠጠር መንገድ ላይ ይጎተታል፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ወደ ኋላ ይነዳል፣ ጭነት መኪና ሲመጣ ዳር መያዝ አይችልም። ለሹፌሩ ከመድረስ እስከ መመለስ አንድም የዕረፍት ሰዓት የለውም።

ያንኑ ምቾት በግማሽ ድካም የሚሰጠው የኋላ ወንበሩ የተነሣለት ሚኒባስ ነው። ፍራሽ ይዘረጋበታል፣ ከነፋስ ይከልላል፣ ጅብ ሲጮህ ልጆች አይደነግጡም፣ ዝናብ ቢመጣ ዕቃ አይረጥብም። መጋረጃ ብቻ ይሰፋለት። ጓሳ ላይ ሚኒባስ ከድንኳን ይሻላል እላለሁ፤ ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ቢቆም ለማብሰያው ጭምር ግድግዳ ይሆናል። ወፍ ዋሻ ላይ ግን መኪናው ጥላው ድረስ ስለማይገባ ድንኳኑ ይረታል። ደብረ ሊባኖስ ሁለቱም ያስኬዳሉ።

በአንድ ነገር ግን ምርጫ የለም። ብርድ ነው ብሎ የከሰል ማንደጃ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ ማስገባት ሰው ይገድላል። ጭስ የሌለው የጋመ ከሰልም ያው ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ሌሊት መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ ይደር፣ ማንደጃው ውጭ ጠፍቶ ይደር። እግር የሚያሞቅ ነገር ከተፈለገ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ነው።

የማብሰሉ ነገር

የዕረፍት ቀንን ከሚበሉት ሁሉ የሚብሰው ወጥ ነው። በጓሳ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 89 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምስር ወይም ድንች በከተማው ሰዓት ይበስላል ብሎ የጣደ ሰው ምሳውን በእራት ሰዓት ይበላል። ወጡን ቤት ሠርቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽና ቆሎ ለእንዲህ ያለው ቀን የተፈጠሩ ናቸው፤ ወፍ ዋሻን በደብረ ሲና በኩል የሚገባ ሰው ቆሎውን እዚያው ቢገዛ አይቆጭም። የመንዝ በግ ስሙ የታወቀ ስለሆነ «አንድ ሙክት ገዝተን እናርዳለን» የሚል ጓደኛ ከየቡድኑ አይታጣም። ቢላው ተስሎ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ ጥብሱ እስኪደርስ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሌሊት ደግሞ የአጥንቱ ሽታ ጅብ ይጠራል። በጉን ለመመለሻው ቀን አቆዩት።

የጋዝ ምድጃ የያዘ ሰው ሌሊት ጣሳውን ውጭ አያሳድር። ቡቴን ብቻ ያለበት ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ጠዋት አይነድም፤ በጋቢ ጠቅልሎ አጠገብ ማሳደር ይበቃል። የምንጭ ውኃም ቢሆን ይፈላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በሁለት ጄሪካን የመጠጥ ውኃ ከደብረ ብርሃን ሞልቶ መሄድ ግን ከሁሉም ያሳርፋል።

አንድ ሌሊት ብቻ ያላችሁ፣ ጓሳን ተዉት፤ ደርሳችሁ ካስማ ሳትመቱ ይመሻል። ልጅ ከሌለና ቀኑ የሥራ ቀን ከሆነ ደብረ ሊባኖስ፣ ልጅ ካለ አንኮበር። ሁለት ሌሊት ካላችሁና ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ፣ ባና ለመግዛትም የሚሆን ገንዘብ ካለ፣ ጓሳ። ጥቅምት ከሆነ ወፍ ዋሻ፤ ያኔም ቢሆን ሸራ ሳትይዙ አትሂዱ።